ወረፋው ለምን ሁለት ጊዜ ይሰጣል?

ክላውድ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው የኪራይ ሰርቨር ወይም የፋይል ማከማቻ ነው። አማዞን ግን ከሁለቱም ቀድሞ ለሙከራ ያወጣው የመልእክት ወረፋ ነበር። ኤስኪውኤስ የተባለው ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2004 ለሙከራ ቀረበ፤ በጁላይ 2006 ለማንም ክፍት ሆነ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አንዱ ፕሮግራም መልእክት ያስቀምጣል፣ ሌላው ሲመቸው ያነሳል።

ይህን ለመማር ድረ ገጽም ሞባይል አፕም አያስፈልግም። በሲ ሻርፕ ወይም በፓይተን የተጻፉ ሁለት ትንንሽ የኮንሶል ፕሮግራሞች፣ ላኪና ተቀባይ፣ ይበቃሉ። ላኪው የወረፋውን አድራሻ ይዞ ጽሑፉን ይልካል፤ ስክሪኑ ላይ የመልእክቱ መለያ ይወጣል፤ አለቀ። ነገር ያለው ተቀባዩ ጋ ነው።

ተቀባዩ «ትዕዛዝ 17» የሚል መልእክት አምጥቶ ስክሪኑ ላይ ጻፈ እንበል። ፕሮግራሙን ዘግተን ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ብናስነሳው «ትዕዛዝ 17» እንደገና ከች ይላል። ጀማሪ እዚህ ጋ ኮዱን መጠራጠር ይጀምራል፤ ወረፋው ግን ሥራውን ነው የሠራው። መልእክት ስለተነበበ ብቻ ከወረፋው አይወጣም፤ ለጊዜው ከሌሎች ይሸሸጋል እንጂ። ጊዜው ካልተቀየረ 30 ሰከንድ ነው፣ እስከ 12 ሰዓት ማራዘምም ይቻላል። ተቀባዩ በዚያ ውስጥ ሥራውን ጨርሶ «ይሰረዝ» ካላለ መልእክቱ ተመልሶ ይታያል። የሚሰረዘውም በመልእክቱ መለያ ሳይሆን በዚያ ንባብ ጊዜ በተሰጠው ደረሰኝ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልእክቱ ሲነበብ ወዲያው ቢሰረዝና በዚያች ቅጽበት ተቀባዩ ቢወድቅ፣ ትዕዛዙ ከወረፋውም ከፕሮግራሙም ይጠፋል። ላፕቶፑ ባትሪ አልይዝ ብሎት መብራት በሄደ ቁጥር ሥራው የሚቋረጥበት ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ንድፍ አውጪዎቹ ከመጥፋት መደገምን መረጡ፤ እኔም ትክክል ይመስለኛል። የጠፋ ትዕዛዝ መጥፋቱን የሚናገር የለም፣ የተደገመን ግን መያዝ ይቻላል።

መያዙ ግን የተቀባዩ ሥራ ነው። «ትዕዛዝ 17» ከደንበኛ ሂሳብ ገንዘብ የሚቀንስ ከሆነ፣ የትዕዛዙ ቁጥር ድግግሞሽ በማይቀበል ሰንጠረዥ ውስጥ ከቅነሳው ጋር በአንድ ትራንዛክሽን መመዝገብ አለበት። መልእክቱ ዳግመኛ ሲመጣ ዳታቤዙ አልቀበልም ይላል፤ ፕሮግራሙም ምንም ሳይቀንስ ይሰርዘዋል። ስረዛው ሁልጊዜ መጨረሻ ነው።

ከዚያ በኋላ የተጨመሩት ነገሮች የተቀባይ ፕሮግራሞችን ችግር ያሳያሉ። በባዶ ወረፋ ላይ በሰከንድ አሥር ጊዜ «መጣ? መጣ?» የሚል ተቀባይ በቀን 864,000 ጥያቄ ይልካል፤ ባዶ መልስም ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ጥያቄ እስከ 20 ሰከንድ እንዲጠብቅ ተፈቀደ፤ ያው ፕሮግራም በቀን 4,320 ጥያቄ ይበቃዋል።

ሌላው ተቀባዩን ሁሌ የሚጥል መልእክት ነው። ለምሳሌ «2016-13-05» የሚል ቀን ይዞ የመጣ። ለእኛ ጳጉሜ 5 ነው፤ ሲ ሻርፕ ግን በተለመደው አሠራሩ 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። ፕሮግራሙ ይወድቃል፣ መልእክቱ ይመለሳል፣ ፕሮግራሙ ሲነሳ ደግሞ ይወድቃል። ማንም ካልነካው መልእክቱ የቆይታ ጊዜው እስኪያልቅ፣ በተለመደው አሠራር 4 ቀን፣ እንዲሁ ሲያስቸግር ይከርማል። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣው መፍትሔ፣ ከተወሰነ ሙከራ በኋላ እንዲህ ያለውን መልእክት ወደ ሌላ ወረፋ ማዛወር ነው፤ ሰው እዚያ ሄዶ ያየዋል።

እ.ኤ.አ. በ2016 ቅደም ተከተል የሚጠብቅ የወረፋ ዓይነት ሲመጣ ብዙዎች መደገም የቀረ መሰላቸው። ይህ ወረፋ ላኪው በ5 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ የላከውን ይጥላል። ተቀባዩ ገንዘቡን ቀንሶ ሳይሰርዝ ቢወድቅ ግን መልእክቱ እዚህም ይመለሳል። በዚያ ላይ እሱ ከወረፋው እስኪወጣ ድረስ ላኪው ከእሱ ጋር በአንድ ቡድን የመደባቸው ከኋላው ያሉ መልእክቶች አይንቀሳቀሱም።