ተጠራጣሪው መዘምር

ቀን በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሲጽፍ የሚውል ሰው ማታ ማታ ከባልንጀሮቹ ጋር ተሰብስቦ ዝማሬ ቢያጠና፣ ይህን የሚያደርገው ስለ ደመወዝ ሳይሆን ስለ ፍቅር ነው። ነገር ግን በሕዝብ ፊት የሚቆምበት ቀን ዋዜማ ሲደርስ ኅሊናው ይጠይቀዋል፦ «ድምፅህ ያልተመሰከረልህ አንተ ከመዘምራን ጋር ልትቆም ይገባሃልን? ብትሳሳት የሌሎቹን ድካም ከንቱ አታደርገውምን?» ይህ ጥያቄ በእኔም ላይ ደርሶ፣ አሞኛል ብዬ ለመቅረት የማመካኛ ደብዳቤ እስከ መጻፍ አድርሶኛል።

ጥያቄው የፈሪ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ለባልንጀራው የሚያስብ ሰው መጠራጠሩ አይቀርም። ሆኖም ጥርጣሬ እንደሚመጣበት ጊዜ ይለያያል። አስቀድሞ ቢመጣ ወደ ጥናት የሚመራ መምህር ነው፤ ያላጠናውንም ሰው ከመቆም ቢከለክለው ትክክል ነው። ላጠናው ሰው በዋዜማው ቢመጣ ግን ትሕትናን መስሎ ከግዴታ ያሸሻል።

ለዚህም የዝማሬ አሠራር ራሱ ምስክር ነው። ረጅም ዜማ በአንድ ሰው ትንፋሽ አይዘለቅምና መዘምራን በየተራ ይተነፍሳሉ፤ አንዱ አየር ሲስብ ሌሎቹ ድምፁን ይዘው ይቆያሉ፤ ሰሚውም አንዳች መቋረጥ አይታወቀውም። በመግቢያው ላይ ግን እያንዳንዱ ጎረቤቱ እስኪጀምር ቢጠብቅ፣ ዜማው ሳይጀመር ጊዜው ያልፋል። እንግዲህ ተጠራጣሪው ማኅበሩን የሚበድለው ከስሕተቱ ይልቅ በዝምታው ነው።

ይህ በታላቅ ሥራም ላይ ታይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1829 ዓ.ም. የ20 ዓመቱ ወጣት ፌሊክስ ሜንዴልሶን፣ ዮሐን ሴባስትያን ባኽ የደረሰውንና ለረጅም ዘመን ተረስቶ የኖረውን «የማቴዎስ ሕማማት» በበርሊን ከተማ ለማሰማት ተነሣ። ድርሰቱ ሁለት የመዘምራን ክፍልና ሁለት የሙዚቃ ጓድ ይጠይቃል። መዘምራኑ ግን በ1791 ዓ.ም. የተመሠረተው የዚንግአካዴሚ ማኅበር አባሎች፣ አብዛኞቹም መተዳደሪያቸው ሙዚቃ ያልሆነ የከተማው ሰዎች ነበሩ። የማኅበሩ አለቃ ጼልተር እንኳ በመጀመሪያ ነገሩ አይሆንም ብሎ ነበር። ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ቢሆንም አጥንተው ማርች 11 ቀን ዘመሩት፤ ባኽም ከዚያ ወዲህ በዓለም ፊት እንደገና ታወቀ። ሁሉም ፍጹም እርግጠኛ እስኪሆን ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ድርሰት ምን ያህል ዘመን ዝም ባለ ነበር!

እኔም ደብዳቤዬን ቀድጄ ሄድሁ። በአንድ መግቢያ ላይ ዘገየሁ፤ ጎረቤቴ ያዘልኝ። ጥቂት ቈይቶ እርሱ ትንፋሽ ሲያጥረው እኔ ያዝሁለት። ከዝማሬው በኋላ ሁለታችንም ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም፤ ለእኔ ግን የዋዜማው ጥያቄ የተመለሰው በዚያች ቅጽበት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ጌጥ የሚሆነው ሃምሳው ሰው ሁሉ እጁን ሲዘረጋ ነው።