የውሻ እግርና የጉና ውርጭ

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ተረቱ የሚነገረው ውሻን ለማመስገን ይሁን ጥቅመኛን ሰው ለመንቀፍ፣ እንደ ተናጋሪው አሳብ ይለያያል። የሚጮኸው ውሻ በምን ላይ ቆሞ እንደሚጮኽ የጠየቀ ተረት ግን እኛ አልሰማንም። ዛሬ ከአንባቢያችን ጋር ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለዚሁ ስለሚቆምበት ነገር፣ ማለት ስለ ውሻ እግር ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ራሳችን በአንድ የኅዳር ማለዳ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ እስክንጓዝ ድረስ ትንሽ ነገር መስሎን ይኖር ነበር።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከርስዋ በስተ ምሥራቅ የሚነሣው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4000 ሜትር በላይ ይዘልቃል፤ ርብና ጉማራም ከዚሁ ተራራ ፈልቀው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ የጉናን ሌሊት ደመና ስለማይሸፍነው ምድር የቀን ሙቀትዋን ሁሉ ለሰማይ ሰጥታ ታድራለች። ሲነጋም ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ፣ በከብት ኮቴ ጉድጓድ ያቈረው ውሃ እንደ መስተዋት ረግቶ ይገኛል። የፈረንጅ አገር ሰው ብርድን የሚያስበው ከክረምት ጋር ነው፤ የእኛ ደገኛ ግን ከክረምቱ ዝናም ይልቅ የሚፈራው የበጋውን ውርጭ ነው።

ክምር ድንጋይ አጠገብ ስንደርስ የመኪናችን ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ ጎማውን ሲለውጥ እኛ ካፖርታችንን ደርበን ወዲያና ወዲህ ስንል፣ ዐሥር ዓመት የሚሆነው አንድ እረኛ ደበሎ ለብሶ በጎቹን ከጉረኖ አውጥቶ ሲነዳ አየን። በጎቹ ጠጕራም የፋርጣ በጎች ናቸው፤ ብርዱን ከልጁም ከእኛም ይልቅ ችለውታል። ከኋላቸው አንድ ዳማ ውሻ ይከተላል። ውሻው አመዳዩ ላይ ሲደርስ አንዱን እግር ሲያነሣ ሌላውን ሲጥል፣ በጋለ ምጣድ ላይ የቆመ ይመስል ነበር። ቀርበን ስናይ የፊት ቀኝ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ በልጥ ታስሯል። ጨርቁ የተቀደደው ልጁ ከደበሎው ሥር ከለበሰው እጀ ጠባብ ጫፍ መሆኑ ያስታውቃል። ልጁ ራሱ ባዶ እግሩን ነው፤ ተረከዙም ተሰነጣጥቋል።

ከእኛ አንዱ፣ «አንተ ልጅ፣ ጨርቅ ካገኘህ የራስህን እግር አታስርበትም ነበር?» ሲል ጠየቀው።

ልጁ ጥያቄው እንግዳ ሆኖበት ጥቂት ዝም አለና፣ «እሱ ሌሊት አይተኛም ጌቶች፤ እኔ እተኛለሁ» ብሎ መለሰ። በጎቹ እየራቁ ስለ ሄዱም ሁለተኛ ጥያቄ አልጠበቀም።

ይህ መልስ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ትልቅ ክርክር አስነሣብን። አንደኛው ወዳጃችን፣ የሰው ልጅ ባዶ እግሩን በሚሄድበት አገር ስለ ውሻ እግር መጨነቅ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው አለ። ይህን መቃወሚያ እንደ ጭካኔ ቈጥሮ መጣል አይገባም። በአገራችን በደጋውና በወይና ደጋው፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጨው ቀይ አፈር በባዶ እግር በኩል ገብቶ የሰውን እግር የሚያሳብጠውን የዝሆኔ በሽታ ሁላችንም እናውቃለን። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር የዚህን በሽታ ምክንያት አፈሩ መሆኑን ገልጦ ጽፏል፤ ሕመምተኞቹም ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ። መከላከያው ጫማና የእግር መታጠብ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ሲያሸንፍ ደስ ብሎናል፤ ነገር ግን ደስታችን ባዶ እግርን ጌጥ አስመስሎብን እንደ ሆነ ስሕተቱ የእኛ ነው እንጂ የአበበ አይደለም።

እንግዲህ ወዳጃችን ልክ ነውን? እኛን ያስቸገረን አንድ ነገር ነው። ሰው ሳይጫማ ውሻ አይጫማ የሚለው ክርክር የተነገረው በሦስት ሰዎች መካከል ነው፤ ሦስቱም ጥሩ ጫማ አድርገዋል። ይህን ለማለት ከሁሉ የበለጠ መብት የነበረው ልጅ ግን አላለውም። ጨርቁ አንድ፣ የተሰነጠቁት እግሮች ብዙ በነበሩበት ሰዓት፣ ማን ይቅደም የሚለውን ጥያቄ እርሱ በማዕርግ ሳይሆን በሥራ ፈታው።

የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት ስለ ግብረ ገብ ሲያስተምር ይህን የመሰለ ምሳሌ ሰጥቶ ነበር። ውሻው አርጅቶ ማገልገል ስላቃተው በጥይት የሚገድል ሰው በውሻው ላይ ያለበትን ግዴታ አላፈረሰም፤ ውሻ ዕዳ የሚጠይቅ ፍጡር አይደለምና፤ ሆኖም ሰውዬው በገዛ ራሱ ውስጥ ያለውን ርኅራኄ ይጐዳል፣ ይህም ወደ ሰዎች ይተርፋል ይላል። እንግሊዛዊው ቤንታም ደግሞ በ1789 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስለ እንስሳት መጠየቅ ያለበት ማሰባቸው ወይም መናገራቸው ሳይሆን መሠቃየታቸው ነው ሲል ተከራከረ። ሁለቱን ከእረኛው መልስ ጋር ስናስተያይ፣ ልጁ ከሁለቱም ጋር አይቆምም። ከካንት ይለያል፤ ውሻው ባለ ዕዳ ሊያደርገው እንደሚችል ያምናልና። ከቤንታምም ይለያል፤ ስለ ውሻው ሥቃይ አንድ ቃል አልተናገረም፤ የተናገረው ሌሊቱን ማን እንደሚጠብቅ ብቻ ነው።

ለእኛ የልጁ አሳብ ከሁለቱ ሊቃውንት ይልቅ የቀረበን መሆኑን አንሸሽግም። ሌሊቱን ጅብ ከጉረኖ ያራቀ ሠራተኛ ማለዳ እግሩ ቢታሰርለት የተከፈለው ደመወዝ ነው እንጂ ምጽዋት አይደለም። ነገር ግን አሳቡን እስከ መጨረሻው ስንከተለው ከአንድ ገደል አፋፍ ያደርሰናል። ውሻው አርጅቶ ሌሊቱን መተኛት ሲጀምርስ? ያን ጊዜ ጨርቁ ይፈታልን? በመንደሩ እንዲህ ያለው ውሻ ምን እንደሚደርስበት የገጠር ልጅ የሆነ አንባቢ ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤት ያልነበረው ይመስል ከደጅ ይባረራል። ቤንታም ለዚህ ለሽማግሌው ውሻ መልስ አለው፤ እረኛው ግን፣ ቢያንስ በተናገረው ቃል፣ የለውም። ምናልባት ስድስት ዓመት ሙሉ በእግሩ ሥር የተኛውን ውሻ ሊያባርር ቀን ሲደርስ ቃሉን ትቶ እጁ ሌላ ነገር ያደርግ ይሆናል። ሰው ከሚሰጠው ምክንያት የተሻለ ሥራ ሲሠራ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ የተገላቢጦሹን ግን ይበልጥ አይተናል።

በዚህ መንገድ ስንሄድ ሌላም ነገር ትዝ አለን። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል፣ ክብደቱ ወደ ሰባት ቶን የሚሆነው መድፍ፣ በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። እነሆ የውርጩን ወራት በሙሉ በመንገድ ላይ አሳለፈ ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በገዛ እጃቸው መንገዱን ሲያበጁ እንደ ነበር ተጽፏል። የመድፉን ስም ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ የጐተቱት ሰዎች እግር ግን በማን መጽሐፍ ገባ? ታሪክ የተጓዘውን ዕቃ ይመዝናል፤ የተጓዘበትን እግር አይመለከትም። በእረኛው ላይ ያስደነቀንም ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በረዶ በሚዘንብባቸው አገሮች የውሻ እግር ጉዳይ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ታስቦበታል። በ1925 እ.ኤ.አ. በአላስካ ኖም በምትባል ከተማ የዲፍቴሪያ በሽታ ሲነሣ፣ መድኃኒቱን ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ በበረዶ ላይ ጐትተው በአምስት ቀን ተኩል ያደረሱት ወደ 150 የሚሆኑ ውሾች ናቸው። ዛሬ በዚያው አገር በሚደረገው የውሾች እሽቅድምድም እያንዳንዱ ነጂ ለእያንዳንዱ ውሻ ስምንት የጨርቅ ጫማ ይዞ እንዲሄድ ደንቡ ያስገድደዋል። በከተሞቻቸውም በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የውሻን ውስጥ እግር ስለሚያቃጥል፣ ባለቤቶች ከሽርሽር ሲመለሱ እግሩን በለብታ ውሃ አጥበው ያደርቁታል።

እኛ አገር ጨው በመንገድ የሚበትን የለም፤ ጫማም መግዛት አያስፈልግም። የጃፓን ሊቃውንት በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ በውሻ ውስጥ እግር ወደ ታች የሚወርደው ትኩስ ደም ወደ ላይ የሚመለሰውን ቀዝቃዛ ደም እያሞቀ ስለሚያሳልፈው፣ ጤነኛ እግር ብርድን በብዙ ይችላል። የሚጐዳው የተሰነጠቀው፣ እርጥብ ሆኖ የሚያድረውና በጣቶቹ መካከል ጭቃና አመዳይ የቋጠረው ነው። ስለዚህ በጣቶቹ መካከል ያደገውን ጠጕር መከርከም፣ ማታ እግሩን በጨርቅ ማድረቅ፣ ንቃቃቱን ጨው በሌለው ቅቤ ወይም በቫዝሊን ማሸት፣ በሰንሰለት የሚታሰር ከሆነም በድንጋይ ላይ ሳይሆን በገለባ ላይ ማሰር ይበቃል። የታሰረ ጨርቅ ደም እንዳያግድ ላላ ማለትና ሲርስ መለወጥ አለበት፤ የእረኛው ልጥ ጥቂት ጠብቆ እንደ ነበር አሁን ስናስበው ይታየናል። ይህን ሁሉ በዚያች ሰዓት አውቀን ለልጁ ብንነግረው መልካም ነበር።

ሳንናገር የቆየነው አንድ ነገር ግን አለ። ጎማው ተለውጦ ሳያልቅ፣ ልጁም ገና ሳይርቅ፣ ከእኛ አንዱ ሻንጣውን ከፍቶ አንድ አዲስ የሱፍ ካልሲ አወጣ። ሌላው እጁን ያዘና፣ «ለማን ነው? ወስዶ ለውሻው ቢያለብሰውስ?» አለ። የያዘው ሰው ቆም አለ። ስጦታው ለሰው እግር ታስቦ ለውሻ እግር ቢውል ሰጪው ቅር ሊለው ይገባል ወይስ አይገባም፣ ከሰጠስ በኋላ የማዘዝ መብት ይቀርለታል ወይ እያልን ስንመራመር፣ ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ቀና ብለን ስናይ በጎቹም፣ ልጁም፣ ውሻውም ጋራውን ዞረዋል። ካልሲው ከእኛ ጋር ነፋስ መውጫ ደረሰ፤ በዚያች ሌሊትም ብርዱ ጠንካራ ስለ ነበረ ባለቤቱ አጥልቆት ተኛ።