በፈቃዱ የገባ በፈቃዱ ይወጣልን?



ማንም ሳያስገድደን፥ ደመወዝ ሳይከፈለን የጀመርነውን አገልግሎት ባሻን ቀን ብንተወው ይፈረድብናልን? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘነውም። አንድ ዓርብ ማታ በመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ሻንጣቸውን አዝለው ከቆሙ ስምንት ልጆች ፊት ነው ያነበብነው። ስለዚህ አስቀድመን የሆነውን እንናገር፤ ከዚያም ወደ ጥያቄው እንመለሳለን።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኛ በምንኖርበት በአሜሪካ በየአካባቢው የስካውት ቡድን አለ። ቡድኖቹን የሚመሩት ደመወዝተኞች ሳይሆኑ ከዕረፍታቸው ቆርሰው የሚመጡ ጎልማሶች ናቸው። ከደብራችን ልጆችም ጥቂቶቹ በአቅራቢያችን ባለ ቡድን ውስጥ ገብተዋል። ወላጆቻቸው አብዛኞቹ ሁለት ሥራ የሚሠሩ ስለሆኑ፥ መሪ የሚሆን ሰው ሲጠየቅ እጁን የሚያነሣ ጠፋ። ያን ጊዜ እኛ ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች «እኛ አለን» አልን። ዕድሜያችን ከ21 ዓመት በላይ ስለሆነ ተመዘገብን፤ ስለ ልጆች ጥበቃ የሚሰጠውን ትምህርት ተማርን፤ የገመድ ቋጠሮውን ግን ያስተማሩን ልጆቹ ናቸው።

በአገራችንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ስካውት እንደነበረ ከአባቶች የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ሥራውን የጀመረው ሮበርት ቤደን ፓወል የተባለው የእንግሊዝ ጄኔራል ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ክረምት ብራውንሲ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ሃያ ያህል ልጆች ይዞ ሄደ። ከእነዚህም ከፊሎቹ ውድ በሆነ ትምህርት ቤት የሚማሩ የባለጸጎች ልጆች፥ ከፊሎቹ ደግሞ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። ሳይለያይ ቀላቅሎ በአራት ትንንሽ ቡድን ከፈላቸውና ለእያንዳንዱ ቡድን ከልጆቹ አንዱን አለቃ አደረገ። እስከ ዛሬ ድረስ የስካውት ሥራ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ልጆቹ አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ምን እንደሚበሉ ራሳቸው ያቅዳሉ፤ ራሳቸው ያበስላሉ፤ ያረረውንም ራሳቸው ይበላሉ። ትልቁ ሰው ከዳር ሆኖ ይጠብቃል።

ይህ ነገር እኛን አሳሳተን። «ልጆቹ ራሳቸውን የሚመሩ ከሆነ፥ እኛ ብንኖር ባንኖር ምን ይጎድላል?» የሚል አሳብ ቀስ በቀስ በልባችን ገባ። አንድ ቅዳሜ አንዳችን ዘገየን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላችን ቀረን። የተናገረን ሰው አልነበረም፤ በነጻ የሚሠራን ሰው ማን ደፍሮ ይናገረዋል?

በኋላ ዋናው መሪ ስለ ታመሙ የዚያ ወር ካምፕ በእኛ በሁለታችን ላይ ወደቀ። ዓርብ ማታ ወጥተን፥ አንድ ሌሊት በድንኳን አድረን፥ እሑድ ለቅዳሴ እንድንደርስ ቅዳሜ ማታ ልንመለስ ነበር። የልጆቹ አለቃ ከደብራችን የሆነ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ከጓደኞቹ ያዋጣውን ገንዘብ ይዞ ገበያ ወጣ። ዓርብ ጾም መሆኑን አስቦ ለእራት ፓስታና ቲማቲም፥ ለቅዳሜ ቁርስ ደግሞ እንቁላልና ዳቦ ገዛ። እናቱ ሌሊት ቢሮ የሚያጸዱ ሴት ናቸው፤ ልጁን ለማድረስ ብለው ተራቸውን ከሌላ ሰው ጋር ተለዋወጡ።

ዓርብ በአሥር ሰዓት ላይ ከሁለታችን አንዱ ስልክ ደወለ። ኦቨርታይም ስላገኘ እንደማይመጣ ተናገረ። የቀረው የትኛችን እንደሆነ እዚህ አንጽፍም፤ ወደ ኋላ እንደምታዩት ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።

በስካውት ደንብ ቢያንስ ሁለት የተመዘገቡ፥ 21 ዓመት የሞላቸው መሪዎች ካልተገኙ ልጆችን ይዞ መውጣት አይቻልም። ይህም ደንብ በከንቱ የተጻፈ አይደለም። የአሜሪካ ቦይ ስካውት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 የኪሣራ ጥበቃ ለማግኘት ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ፥ በልጅነታችን በስካውት ውስጥ ሳለን ተደፍረናል ብለው ያመለከቱት ሰዎች ቁጥር ከ82,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ «በጎ ፈቃደኛ ነው» ተብሎ ለታመነ ሰው የተሰጡ ነበሩ። እንግዲህ «ልቤ ቅን ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ቅን ልብ ያለውም ቢሆን ሌላ ዓይን በአጠገቡ ይኑር ተብሎ ተደነገገ። ስለዚህ ያ ዓርብ ማታ የመጣው አንዱ ብቻውን ልጆቹን ይዞ ሊሄድ አልቻለም። ስምንቱም ልጆች ሻንጣቸውን ወደ መኪና መልሰው ወደየቤታቸው ሄዱ። አለቃው ልጅ እንቁላሉ እንዳይሰበር በሁለት እጁ አቅፎ ይዞ ነበር።

እናቱ አልተቆጡም። «ልጆቼ፥ ከመጀመሪያው ባትሉት ኖሮ ምንም አልነበረ። ካላችሁ በኋላ ግን ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲነቃ ነው ያደረው» ብቻ አሉን። ተቆጥተው ቢሆን ኖሮ መልስ እናገኝ ነበር። ለዚህ ግን መልስ አጣን።

ለመሆኑ ምን ብለን እንመልስ? የቀረው ወንድም የሄደው ለጭፈራ አልነበረም። አገር ቤት ያሉት አባቱ ታመው ለመድኃኒት ገንዘብ መላክ ነበረበት። አባትን መርዳት ግዴታ ነው፤ ስካውት ግን በፈቃድ የተገባበት ነው። ግዴታና ፈቃድ ሲጋጩ ግዴታ ይቀድማል ብለን ራሳችንን ልናጽናና ሞከርን። ነገር ግን አሳቡን ስንመረምረው ስሕተት አገኘንበት። በፈቃድ መግባት አንድ ነገር ነው፤ ከገቡ በኋላ ያለው ግን ሌላ ነው።

ይህን አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁት ነበር። እድር ግባ ብሎ ማንንም የሚያስገድድ የለም። የገባ ሰው ግን ከቀብር ሲቀር ወይም ድንኳን ሲተከል ሲጠፋ መቀጫ ይከፍላል። «በፈቃዴ ነው የገባሁ» ብሎ ቢከራከር ዳኛው ይስቁበታል። ምክንያቱም ሐዘንተኛው በዚያ ሰው መኖር ተማምኖ ሌላ ሰው አልጠራም። ፈቃድ በሩ ላይ ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ዕዳ ነው።

ከደመወዝተኛም ጋር ብናስተያየው ነገሩ ይገለጣል። ደመወዝተኛ ሲቀር ከደመወዙ ይቆረጥበታል። በነጻ የሚያገለግል ሰው ሲቀር ግን ከእርሱ የሚቆረጥ ነገር ስለሌለ፥ የሚቆረጠው ከልጁ ነው። እንግዲህ በነጻ ማገልገል ኃላፊነቱን የሚያቀል ሳይሆን የሚያከብድ ሆኖ አገኘነው።

በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ጌታችን ስለ ተናገረለት ደግ ሳምራዊ ሁላችንም ተምረናል። ብዙ ጊዜ የምናስበው ካህኑና ሌዋዊው አልፈው ሲሄዱ እርሱ መቆሙን ነው። እኛ ግን ከዚያ ዓርብ በኋላ የታሪኩን መጨረሻ ደግመን አነበብን። ሳምራዊው ቁስለኛውን በእንስሳው ላይ ከጫነው በኋላ በመንገድ አጋማሽ «ጉዳይ አለብኝ» ብሎ ቢያወርደው ኖሮ ምን ይባል ነበር? ያለፉት ሁለቱ ቁስለኛውን ባገኙበት ተዉት። ይህኛው ግን ተስፋ ከሰጠው በኋላ በጣለው ነበር።

ደግሞም ልብ እንበል፤ ሳምራዊው በእውነት ጉዳይ ነበረበት። በማግሥቱ መንገዱን ቀጥሏል። ዕድሜውን ሙሉ በእንግዶች ማደሪያ ተቀምጦ ቁስለኛ አላስታመመም፤ ጌታም ስለ መሄዱ አልነቀፈውም። ነገር ግን ሲሄድ ባዶውን አልሄደም። ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ አደራ ሰጠ፤ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ የሚጎድል ቢኖር ሲመለስ ሊሞላ ቃል ገባ። እንግዲህ መልካም አገልጋይ ማለት ከቶ የማይሄድ ሰው ማለት አይደለም። ሲሄድ በእርሱ ስፍራ ማን እንደሚቆም አስቀድሞ ያሰበ፥ የመሄዱንም ዋጋ በቁስለኛው ላይ ሳይሆን በራሱ ኪስ ላይ ያደረገ ሰው ነው።

በዚህ ሚዛን ስንመዘን፥ የቀረው ወንድም ለአባቱ መሥራቱ ጥፋት ሆኖ አላገኘነውም። ጥፋቱ ሥራው ሊመጣ እንደሚችል ከረቡዕ ጀምሮ እያወቀ እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ዝም ማለቱ ነው። የመጣውም ወንድም ንጹሕ አይደለም። ጓደኛው እንዳመነታ ረቡዕ ሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ሦስተኛ ሰው ሳይፈልግ ቀረ። እግዚአብሔር ማወቁ እውነት ነው። ስልክ አንሥቶ መደወል ግን የእኛ ፈንታ ነበር። ከሁሉም በላይ ሁለታችንም እጃችንን ያነሣን ዕለት ጊዜያችንን አልቆጠርንም ነበር። «እኛ አለን» ስንል በጉባኤው ፊት መመስገኑ ጣፍጦን ነበር፤ ስምንት ልጆች ያንን ቃል ትራስ አድርገው እንደሚተኙበት ግን አላሰብንም።

በሚቀጥለው ስብሰባ በልጆቹ ፊት ቆመን ይቅርታ ጠየቅን። ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ መጠየቁ በእኛ ዘንድ ብዙም አልተለመደምና አፋችን ተሳሰረ። ልጆቹ ዝም ብለው ሰሙን። አለቃቸው ግን «ጋሼ፥ በሚመጣው ወር ሁለታችሁም ትኖራላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚህ ቀደም ቢሆን ወዲያው «አዎ» እንል ነበር። ያን ቀን ግን እርስ በርሳችን ተያይተን «ቆጥረን እንነግርሃለን» አልነው።

ቆጠርንም። አባቱ የታመሙበት ወንድም በየሳምንቱ ሊመጣ እንደማይችል ታወቀ። ስለዚህ ከመደበኛው መሪነት ወጥቶ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ሊያገለግል ቃል ገባ፤ ያችን አንድ ቀን ግን እስከ ዛሬ አላጓደላትም። በእርሱ ስፍራ ከወላጆች ሁለት ሰዎች ተመዘገቡ፤ አንዷ ያቺ የልጁ እናት ናቸው። አሁን ለእያንዳንዱ ካምፕ ሁለት መሪና አንድ ተጠባባቂ እንጽፋለን፤ የሚያመነታም ሰው እስከ ረቡዕ እንዲናገር ተስማምተናል።

ውድ አንባብያን፥ ይህን የምንጽፍላችሁ ከአገልግሎት እንድትሸሹ አይደለም። ሕፃናትን ማስተማር፥ መዝሙር ማስጠናት፥ ስካውት መምራት፥ አረጋውያንን መጠየቅ፥ ይህ ሁሉ ሰው ይፈልጋል። እጃችሁን አንሡ። ነገር ግን ከማንሣታችሁ በፊት ቁጠሩ። አራት ቅዳሜ ተስፋ ሰጥቶ ሁለቱን ከሚያስቀር ሰው ይልቅ፥ አንድ ቅዳሜ ተስፋ ሰጥቶ አንዷን የሚፈጽም ይሻላል። ልጅ የሚያውቀው የፕሮግራማችንን ትልቅነት ሳይሆን በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ መምጣታችንን ነው። መሄድ ግድ ሲሆንብንም እንደ ሳምራዊው አደራ የሚቀበል ሰው ፈልገን፥ ዲናራችንን ከፍለን እንሂድ።

ቃላችንን እንድንፈጽም አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።