የተወጋው ሲረሳ

እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ፣ በአንድ የስልክ ቢል የተነሣ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ከሚለው ተረት ጋር ተኳርፌ ሰንብቻለሁ። በዳይ «ያለፈው አለፈ» ሲል ተበዳይ የሚመልስለት ቃል ስለሆነ ድሮ እወደው ነበር። ሌላ ምንም ለሌለው ሰው ቢያንስ ትዝታውን ይተውለታል። ቅር ያሰኘኝ ሕመም ራሱ ያስታውሳል ብሎ መተማመኑ ነው። የማያም ውጋት ቢኖርስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የማውቃት ሴት ለጎረቤቷ፣ ለአንዲት እማማ፣ የስልክ ቢል ከፈለችላቸው። የእማማ ልጅ ለሥራ ሌላ ስቴት ሄዷል፤ ስልኩ ሊቋረጥ ነው የሚል መልእክት መጣ፤ እንግሊዝኛውን ያነበበችላቸው እሷ ናት። «ተዪው ልጄ፣ እሱ ይከፍለዋል» ቢሏት «ኧረ እማማ፣ ለዚች ደግሞ!» ብላ ካርዷን አወጣች። ቁጥሩን በሞላችበት ገጽ ግርጌ፣ ካርዱ ተቀምጦ በየወሩ በራሱ እንዲከፈል የምትፈቅድ ትንሽ ሳጥን ነበረች፤ ምልክቱ ቀድሞ ተደርጎባታል። እማማ መረቋት፤ እሷም ወደ ቤቷ ገባች።

ከዚያ ወዲያ የእማማ ቢል በየወሩ ከእሷ ካርድ ይቆረጥ ጀመር። የራሷም ስልክ የዚያው ኩባንያ ስለሆነ ስሙን ስታይ የራሷ ሒሳብ ይመስላታል። እማማ ልጃቸው የሚከፍል መስሏቸዋል። ልጁ ደግሞ እናቱ ስላልጠየቁት «ችላዋለች ማለት ነው» ብሎ ተቀምጧል። ሦስት ሰው ተዘናግቶ ኮምፒውተሩ ብቻ ነቅቷል፤ አንድ ወር እንኳ ቀኑን አላሳለፈም። እንግዲህ የወጋው አልረሳም፤ የተወጋችው ናት የረሳችው። እንዲያውም ረሳች ማለትም ይከብዳል፤ መቼ አወቀችና!

ብር ተቆጥሮ ከእጅ ሲወጣ ጣት ያውቀዋል። የሰፈራችን ባለሱቅም የዱቤ ደብተር ነበረው፤ ማስታወስ የእሱ ሥራ ነበር። ነገር ግን ደብተሩ ባንኮኒው ላይ ነው፤ ሲጽፍ ታየዋለህ፣ «ኧረ የስኳሩን ባለፈው ከፍያለሁ» ብለህ ትሟገተዋለህ። ካርድ የወሰደብን ያንን ሙግት ነው።

በዚህ ነገር የሴትየዋን መዘናጋት ብቻ ይዤ ተረቱን የምከስ እንዳይመስል፣ አንድ ጥናት ልጥቀስ። ሊራን አይናቭ፣ ቤንጃሚን ክሎፓክና ኒል ማሆኒ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በየጊዜው በካርድ የሚከፈልባቸውን 10 ታዋቂ አገልግሎቶች መርምረው ነበር። ሰዉ አገልግሎቱን የማቋረጡ ነገር በድንገት የሚጨምረው መቼ ሆኖ ተገኘ? ካርዱ የተቀየረበት ጊዜ። ሻጩ አዲሱን ቁጥር ሲጠይቀው ነው «ለመሆኑ ይህን ነገር እፈልገዋለሁ?» የሚለው። በእነሱ ስሌት የደንበኛው አለማስተዋል የሻጮቹን ገቢ ከ14 በመቶ ጀምሮ ከ200 በመቶ በላይ እስከማሳደግ ይደርሳል። የተወጋ የሚያስታውሰው ሲጠየቅ ነው ማለት ነው፤ ጠያቂው ደግሞ ወጊው ነው። ያቺም በር እየጠበበች ነው። ቪዛም ማስተርካርድም፣ ካርድ ሲታደስ አዲሱን ቁጥር ለነጋዴው የሚያደርስ አገልግሎት አላቸው። የዚህችም ሴት ካርድ ጊዜው አልፎ ሌላ ተልኮላት ነበር፤ የእማማ ቢል ተከትሏት መጣ።

የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ግን ተረታችንን የሰሙ ይመስላሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ለክሬዲት ካርድ፣ በ1978 ለዴቢት ካርድ የወጡት ሕጎች፣ ስሕተት ያገኘ ሰው በ60 ቀን ውስጥ እንዲያመለክት ይጠብቃሉ። ቀኑ የሚቆጠረው ነገሩ ከታወቀህ ጀምሮ ሳይሆን ስቴትመንቱ ከተላከልህ ጀምሮ ነው። የተወጋ አይረሳም ተብሏላ!

በመጨረሻ ሴትየዋ በአንድ ወር ሁለት ቻርጅ አየችና ነቃች። ባንኳ «ካርዱን የሰጠሽው ራስሽ ነሽ» አላት፤ እውነቱን ነው። ኩባንያው ደግሞ «አካውንቱ በስምሽ አይደለም፣ ፒኑን ንገሪን» አላት። ገንዘቧን ሲወስድ ማንነቷ ያላሳሰበው ድርጅት፣ ስለ ገንዘቧ ስትጠይቀው «ማን ነሽ?» አለ። በዴቢት ካርድ የሚደረግን የዚህ ዓይነት ክፍያ ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀድሞ ለባንክ በመንገር ማሳገድ መብት ነው፤ ይህንንም ባንኳ ነገራት። ግን ከታገደ የሚቋረጠው የእማማ ስልክ ነው። ያለው መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፦ እማማን አጠገብ አስቀምጦ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ፣ ለኩባንያው «የአካውንቱ ባለቤት እኔ ነኝ» ማስባል።

ተረቱን ከምንም በላይ የፈተነው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሴትየዋ አወቀች፣ ታስታውሳለች፣ ግን አልተናገረችም። ለእማማ መንገር «የከፈልኩትን መልሱልኝ» ማለት መሰላት። በምርቃት የተዘጋን ነገር በሒሳብ መክፈት ይሉኝታዋ አልፈቀደላትም። እያወቀች ሌሎች ወሮችም ከፈለች። ተረቱ የማይረሳው ሰው አንድ ቀን አፉን ይከፍታል ብሎ ያስባል፤ ባይረሳስ፣ ካልተናገረ ለወጊው ምን ልዩነት አለው? እንዲያውም ኩባንያው የሚያተርፈው ከመርሳታችን ብቻ አይመስለኝም፤ ከጨዋነታችንም ነው።

እማማ ነገሩን የሰሙት ልጃቸው ለፋሲካ ሲመጣ ቢሉን ሊከፍል ገብቶ፣ የተከፈለ ሆኖ ሲያገኘው ነው። አዘኑ። «አንቺን ስወጋ የኖርኩት እኔ ነኝ በይኛ!» አሏት። አይደሉም፤ አንዲት ሳንቲም አልነኩም፣ አንድ ቁጥር አልጫኑም። ግን ከሁሉም ይልቅ በደለኛነት የተሰማቸው እሳቸው ናቸው፤ ወጊ ቦታው ላይ ካልተገኘ ለካ ጥፋቱ ቅርብ ያለውና ኅሊና ያለው ሰው ላይ ያርፋል።

ስፒከር ላይ ሆነው ሲደውሉ፣ ኩባንያው «ለመልካም ደንበኝነት» ብሎ የመጨረሻውን ወር ብቻ መለሰ። የቀረውን እማማ ደምረው በፖስታ አምጥተው በሯ ሥር አስገቡት፤ እሷ ደግሞ መልሳ ወስዳ ቡና ሲያፈሉ ረከቦቱ ሥር አኖረችው። ሳምንት ሳይሞላ ፖስታው ተመልሶ መጣ። እስከማውቀው ድረስ ክርክሩ አሁንም አልተቋጨም፤ ልጁ «ግማሽ በግማሽ አድርጉት» ብሎ ሁለቱንም አስቆጥቷል።