ሰውን መጠየቅ



በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያንና እሪ በከንቱን የመሳሰሉ ነባር የፒያሳ አካባቢ ሰፈሮች ለመልሶ ልማት ሲፈርሱ፣ በዚያ ተወልደው ያደጉ በርካታ ቤተሰቦች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። ከእነርሱም መካከል ከቀድሞው የተሻለ ቤት ያገኙ አሉ። ኑሮ ግን ቤት ብቻ አይደለም። ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ ቡና የሚያጣጣው ጎረቤት፣ ስም ጠርቶ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ በአንድነት ሲበታተኑ፣ ሰው ስለ መኖሪያው ከማሰብ አልፎ «እኔ አሁን ማን ነኝ? የምኖረውስ ለምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም።

እንዲህ ያለው ጥያቄ በሽታ ነውን? የህልውና ሕክምና የሚባለው የሥነ ልቡና ሕክምና አይደለም ይላል፤ ይልቁንም የሰው መሆን ምልክት ነው ይለዋል። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ኧርቪን ያሎም በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሰው ሁሉ የሚጋፈጣቸውን አራት ነገሮች ዘርዝሯል፤ እነርሱም ሞት፣ ነፃነት፣ ብቸኝነትና የትርጉም ማጣት ናቸው። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሐኪም እነዚህን ከሰውየው ለማራቅ አይቸኩልም፤ ፊት ለፊት እንዲመለከታቸው አብሮት ይቀመጣል እንጂ።

ሎጎቴራፒ የተባለውን ሕክምና የመሠረተው የቪየናው ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ከ1942 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በናዚዎች ማጎሪያ ካምፖች ታስሮ፣ ወላጆቹን፣ ወንድሙንና ባለቤቱን አጥቷል። የአሳቡን መሠረት የጣለው ከእስራቱ አስቀድሞ ነበር፤ መከራው ግን ፈተነው። እርሱ እንደሚለው ሰው የሕይወቱን ትርጉም በሦስት መንገድ ያገኛል፤ በሚሠራው ሥራ፣ በሚያፈቅረው ሰው ወይም በሚያደንቀው ነገር፣ እንዲሁም ሊያስቀረው የማይችለውን መከራ በሚቀበልበት አኳኋን።

ፍራንክል የተረከው አንድ ታሪክ ይህን ያብራራል። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ያለፈውና ኀዘኑ ያልለቀቀው አንድ አረጋዊ ሐኪም ወደ እርሱ መጣ። ፍራንክል ሊያጽናናው አልሞከረም፤ አንተ ቀድመህ ብትሞት ኖሮ እርስዋ ምን ትሆን ነበር ብሎ ጠየቀው። ሰውየውም እጅግ በተሠቃየች ነበር ሲል መለሰ። ፍራንክልም ከዚሁ መልስ ተነሥቶ፣ እርስዋን ከዚያ ሥቃይ ያዳናት አሁን እርሱ የተሸከመው ኀዘን መሆኑን አመለከተው። ሟችዋ አልተመለሰችም፤ ኀዘኑ ግን በሕይወቱ ውስጥ ቦታ አገኘ።

እዚህ ላይ ከባድ የግብረ ገብ ጥያቄ ይነሣል። መከራ ትርጉም ሊኖረው ከቻለ፣ ከሰፈርዋ የራቀችን እናት «ሥቃይሽ ትርጉም አለውና ቻዪው» ልንላት ይገባናልን? ከቶ አይገባም። ፍራንክል ራሱ ሊወገድ የሚችል መከራን ያለ አስፈላጊነት መሸከም ጀግንነት አለመሆኑን አስተምሯል፤ ምክንያቱን ማስወገድ ይቀድማል። የትራንስፖርት ገንዘብ ያጣችውን መርዳት፣ ዕድር የሌላትን ከዕድር ማስገባት ከምክር ሁሉ በፊት የሚመጣ ግዴታ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ ስሕተታቸው የጀመረው ሥቃዩን ሊተረጉሙለት አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው። በሌላው ሰው መከራ ላይ ትርጉም የመለጠፍ መብት ለማንም አልተሰጠም።

በቋንቋችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል፤ ጥያቄ ማቅረብንና ሄዶ ማየትን። ሁለቱ ሲለያዩ ይጎድላሉ። ሄዶ ሳያዩ ጥያቄ መደርደር ምርመራ ይሆናል፤ ሄዶም ምንም ሳይጠይቁ ሻይ ጠጥቶ መመለስ የጨዋ ደንብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህርም ሆነ ጎረቤት ወደዚያች እናት ቤት ሲሄድ የተዘጋጀ ስብከት መያዝ አያስፈልገውም። ከሁሉ በላይ የናፈቃት ምን እንደሆነ፣ አሁን እርስዋን የሚጠብቅ ማን እንደሆነ፣ በአዲሱ ሰፈር እርስዋ ብቻ ልትሠራው የምትችለው ምን እንዳለ ይጠይቃት፤ መልሱንም ይጠብቅ። ምናልባት ለዓመታት የዕድር ዕቃ የጠበቀች ሴት፣ እርስ በርሳቸው ለማይተዋወቁት አዲስ ጎረቤቶችዋ የመጀመሪያውን ቡና የምታፈላው እርስዋ መሆንዋን ራስዋ ትደርስበት ይሆናል። እኛ ብንነግራት ትእዛዝ ይሆንባታል፤ ራስዋ ስትደርስበት ግን የራስዋ ሕይወት ነው።

ይህ ሁሉ ወሰን አለው። እንቅልፍና ምግብ ያጣ፣ መሞትን አዘውትሮ የሚያነሣ ሰው ካጋጠመን፣ የእኛ ጭውውት ብቻውን አይበቃውም። ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ የሠለጠነ ባለ ሙያ አብረነው እንሂድ። ይህም መጠየቅ ነው።