በችሎት የተፈረደ ጥምቀት

ወንድሞቼ ሆይ፤ ሼክስፒር የደረሰው፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1600 ዓመት በለንደን የታተመው «የቬኒስ ነጋዴ» የተባለው ተውኔት፥ ካህን ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለው።

ባሳንዮ ባለጸጋዪቱን ፖርሽያን ለማጨት ገንዘብ ቢቸግረው፥ ወዳጁ አንቶንዮ ከአይሁዳዊው ከሻይሎክ 3000 ዱካት በሦስት ወር ቀጠሮ ተበደረለት፤ ባይከፍል ከገላው አንድ ፓውንድ የሚመዝን ሥጋ ሊቈረጥበት ተዋዋለ። ሻይሎክ ቂመኛ ነበረ፤ ነገር ግን አንቶንዮ አስቀድሞ ይሰድበውና ይተፋበት እንደ ነበረ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል።

ባሳንዮ የወርቁንና የብሩን ሣጥን ትቶ የእርሳሱን በመምረጡ ሙሽራዪቱን አገኘ፤ የዕዳው ቀን ግን አለፈ። ፖርሽያ የሕግ ዐዋቂ ወንድ መስላ በችሎት ቆመች፤ ስለ ምሕረትም አጥብቃ ተናገረች። ሻይሎክ እንቢ ቢል፥ «ሥጋውን ውሰድ፥ ደም ግን አታፍስስ» ተብሎ ተረታ።

እስከዚህ መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንቶንዮ «ይህ ሰው ክርስቲያን ይሁን» ሲል ጠየቀ፤ ሻይሎክም ሞትን ፈርቶ ተስማማ። ምሕረትን ያስተማረችው ፖርሽያም ይህን አልተቃወመችም። የልጅነት ጸጋ የሚገኝበት ጥምቀት እንደ መቀጫ ተቈረጠ! እኔስ የማስበው ያን ሽማግሌ ወደ ውሃው የሚያቀርበውን ካህን ነው፤ «ታምናለህን?» ብሎ ሲጠይቀው ዓይኑን ያየው ይሆን?