ከጨረታ መውጣት ቃል ማፍረስ ነውን?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ መርካቶ ወርዶ፣ ዕቃውን ዳስሶና ተከራክሮ ለሚገዛ ሰው ሩቅ ሊመስለው ይችላል። ሆኖም በውጭ ሀገር የሚኖሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ዘወትር የሚገጥማቸው፣ እኛም ዘንድ በስልክ በሚካሄደው ንግድ መልኩን ቀይሮ የገባ ጥያቄ ነው። በጨረታ ዋጋ ሰጥቶ ያሸነፈ ሰው ሻጩን ቢጠራጠር ከግዢው መውጣት ይችላልን? ወይስ ቃል ማፍረስ ይሆንበታል?

ጥያቄውን ያመጣብኝ ጀርመን ሀገር የሚኖር አንድ ወዳጄ ነው። በኢንተርኔት ጨረታ ያገለገለ ካሜራ አሸነፈ። ሻጩም ወዲያው ጻፈለት፤ ክፍያውን በጨረታው ድርጅት በኩል ሳይሆን በሐዋላ፣ ያውም በሌላ ሀገር ለሚገኝና ስሙም ለተለየ ሰው እንዲልክ፣ ይህን ካደረገም ከዋጋው እንደሚቀንስለት ገለጸለት። ወዳጄ ገንዘቡን አልላከም። ነገር ግን ዋጋ ሰጥቻለሁ፣ ቃሌን እንዴት አጥፋለሁ እያለ ተጨነቀ። ለአንዲት ካሜራ ይህን ያህል መጨነቁ የሚያስቀው አይጠፋ ይሆናል። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ጨረታ ለሙስሊሙ አዲስ ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የአንድን ችግረኛ ሰው ሻካራ ምንጣፍና መጠጫ ዋንጫ ጭማሪ እየጠየቁ በሁለት ዲርሃም መሸጣቸውን አነስ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። የመግዛት ሐሳብ ሳይኖር ሌላውን ለማሳሳት ዋጋ ማናር፣ ማለትም «ነጅሽ»፣ ደግሞ የተከለከለ ነው። የዛሬው የኢንተርኔት ጨረታም ከዚህ መሠረት የራቀ አይደለም። ኢቤይን እ.ኤ.አ. በ1995 የመሠረተው ፒየር ኦሚድያር መጀመሪያ የሸጠው የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ሲሆን ዋጋውም 14.83 ዶላር ነበር። መሰበሩን ታውቃለህን ብሎ ገዢውን ሲጠይቀው፣ የተሰበሩትን እንደሚሰበስብ መለሰለት ይባላል። ጉድለቱ ተነግሯል፣ ገዢውም አውቆ ገብቷል። የቀረው የዋጋ ጉዳይ ብቻ ነው።

አንዳንዶች «ገንዘብ እስካልተከፈለ ድረስ ምን ውል አለ?» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ መጀመሪያ ላይ አማኞች ውሎቻቸውን እንዲሞሉ ያዛል። ሻጭና ገዢ እስኪለያዩ ድረስ የመምረጥ መብት እንዳላቸው የሚናገር ሐዲስ መኖሩ እርግጥ ነው። ነገር ግን ሻፊዒዎች መለያየቱን ከተቀመጡበት ቦታ በአካል መለያየት ሲሉት፣ ሐነፊዎች ንግግሩን መጨረስ ነው ብለው ተርጉመውታል። ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች መቼ ነው የሚለያዩት? እ.ኤ.አ. በ1990 በጅዳ የተሰበሰበው የፊቅህ አካዳሚ በቴሌክስ፣ በፋክስና በኮምፒዩተር የሚደረግ ውል ጥያቄውና ተቀባይነቱ ለየባለቤቱ ሲደርስ የጸና መሆኑን ወስኗል። በጨረታ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው አለ፤ ወዳጄ ዋጋ በመጨመሩ ምክንያት ትቶ የሄደው ሁለተኛው ተጫራች። ስለዚህ አሸናፊው ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ ቢሄድ ሁለት ሰዎችን ያጉላላል።

እንግዲህ ወዳጄ የገባው ቃል ምን ነበር? ይህን ያህል ገንዘብ በዚህ ዓይነት መንገድ እከፍላለሁ፣ ይህን ዕቃ እረከባለሁ የሚል ነው። ሻጩ የክፍያውን መንገድና ተቀባዩን ሲቀይር አዲስ ጥያቄ ማቅረቡ ነው፤ ወዳጄም ለአዲሱ ጥያቄ ቃል አልሰጠም። በመሆኑም መጀመሪያ ሊያደርግ የሚገባው መጥፋት ሳይሆን «በተስማማነው መንገድ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ» ብሎ መጻፍ ነው። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ ውሉን ያፈረሰው ራሱ ሻጩ ነው። ቅናሹስ ከማን ኪስ የሚወጣ ነው? የጨረታ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ከሽያጩ ድርሻ ይወስዳሉ። ሻጩ ሌባ ባይሆንና ይህን ድርሻ ለማስቀረት ብቻ ቢፈልግ እንኳ ወዳጄን የጋበዘው የሦስተኛ ወገን መብት እንዲበላ ነው።

የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 አንድ የጌጣጌጥ ነጋዴ በኢቤይ የአልማዝ አምባር አሸንፎ አልከፍልም ያለውን ገዢ በከሰሰበት ጉዳይ ለገዢው ፈርዷል። ሸማች ከነጋዴ ሲገዛ በሕጉ የተሰጠው የመመለስ መብት በእንዲህ ዓይነቱ የኢንተርኔት ጨረታም ይሠራል ሲል ነው። ይሁንና ሕግ የፈቀደው ሁሉ የወዳጄን ጭንቀት አያቀልም፤ ሻጩ ነጋዴ ካልሆነም ይህ መብት አይሠራም።

ከባዱ ነገር ጥርጣሬው ነው። በሱረቱል ሑጁራት ከብዙው ጥርጣሬ እንድንርቅ፣ ከፊሉ ኃጢአት እንደሆነ ተነግሮናል። ሻጩ ከናይጄሪያ ነው፣ ስሙ እንግዳ ነው፣ ቋንቋው ይሰባበራል ብሎ መሸሽ ከዚህ ኃጢአት የሚመደብ ይመስለኛል። ስማችንና ፓስፖርታችን እየታየ በየአየር ማረፊያው ከሰልፍ የምንወጣ እኛ ይህን ለማወቅ ሌላ አስተማሪ አያስፈልገንም። የተፈጸመ ድርጊት ግን ሌላ ነው። የተለየ ስም፣ የተለየ ሀገር፣ ከደንብ የወጣ ክፍያ በዓይን የሚታዩ ምልክቶች እንጂ የልብ ወሬ አይደሉም። በእርግጥ ነፍስ ተንኮለኛ ናት። ያው ካሜራ ሌላ ቦታ በርካሽ ስትገኝ ሻጩ በድንገት አጠራጣሪ የሚሆንበት ሰው ሞልቷል። እንዲህ ያለው ሰው ሻጩን ሳይሆን ዋጋውን ነው የሸሸው።

መውጣት ተገቢ ከሆነ አወጣጡም ሥርዓት አለው። ምክንያቱን ለሻጩ ሳይውል ሳያድር መንገር፣ ለድርጅቱም ማሳወቅ ያስፈልጋል። የሚቀጥለውን ገዢ ዝም ብሎ ለወጥመዱ ትቶ መሄድ አማና ማጉደል ነው። ነገር ግን ጥርጣሬ ገንዘብን ለመያዝ ይበቃል እንጂ በሰው ላይ ለመፍረድ አይበቃም። ኢቤይ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ሻጮች በገዢዎች ላይ መጥፎ አስተያየት እንዳይጽፉ በመከልከሉ የገዢው ብዕር ከብዷል፤ ሌሎችም ጨረታዎች ቢሆኑ አንድ መጥፎ ቃል የሰውን እንጀራ ሊዘጋ ይችላል። «ከድርጅቱ ውጭ በሐዋላ ለሌላ ሰው ላክ ብሎኛል» ብሎ መጻፍ እውነት ነው። «ሌባ ነው» ብሎ መጻፍ ግን ወዳጄ ያላየውን መመስከር ነው። ካሜራዋ ምናልባት ነገ ለዚያ ለሁለተኛው ተጫራች ትቀርብለት ይሆናል፤ እርሱም ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የሚያነበው ይህችኑ አንዲት መስመር ነው።